የቀጥቃጮቹ መንደር

ቤንጃሚን ፍራንክሊንን ብዙዎቻችን የምናውቀው በመቶ ዶላሩ ላይ ነው። እኔን ወደ እሱ የሳበኝ ግን የዘር ሐረግ ፍለጋው ነው። እ.ኤ.አ. በ1758 ልጁን ዊሊያምን ይዞ ከለንደን ተነሳ። አባቱ ጆሳያ ወደተወለደበት መንደር፣ ኖርዛምፕተንሼር ውስጥ ወዳለችው ኤክተን ሄደ። እዚያ ሄዶ መኳንንት አላገኘም። ያገኘው ቀጥቃጮችን ነው። ትውልድ በትውልድ የበኩሩ ልጅ ብረት የሚቀጠቅጥበት ቤት! ይህንንም ሳይደብቅ ለልጁ ጽፎ አስቀመጠለት።

የእናቴ አባት ቀጥቃጭ ነበር፣ አንኮበር አካባቢ። እኔ ይህን የሰማሁት ሃያ አራት ዓመት ሞልቶኝ ነው፤ ያውም ከአክስቴ፣ ያውም በሹክሹክታ። ቤታችን ውስጥ አያቴ «ገበሬ» ነበር። የአገራችን ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል። ፊት ለፊት ባለእጅ፣ ዞር ሲሉ ቡዳ። ማረሻውን ይፈልጉታል፣ ልጁን ግን አያገቡትም። ስለዚህ ከአስራ አንድ ዓመት የለንደን ኑሮ በኋላ ኤክተንን ማየት አለብኝ አልኩ።

ጉዞዬን የጀመርኩት ፍራንክሊን ከኖረበት ቤት ነው፣ ክሬቨን ስትሪት ቁጥር 36። ቻሪንግ ክሮስ ባቡር ጣቢያ ጎን ያለ ጠባብ መንገድ ላይ ነው። ከ1757 ጀምሮ አስራ ስድስት ዓመት ገደማ የኖረው እዚያ ነው። በሩ ላይ ትንሽ ቆምኩና ወደ ዩስተን ሄድኩ። ባቡሩ አንድ ሰዓት ገደማ ፈጀ። ስለ መንገዱ የምለው የለኝም፤ ተኝቼ ነበር።

ኖርዛምፕተን ያደርኩበት ቤት ግን አበሳጭቶኛል። ለአንድ ሌሊት 68 ፓውንድ ከፈልኩ። ማሞቂያው ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ጠፋ። ወርጄ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ብጠይቅ «ለአንድ ሰው አንድ ነው» ተባልኩ። ካፖርቴን ለብሼ ተኛሁ። ጠዋት ደግሞ፣ በስልክ «ቁርስን ይጨምራል» ብለውኝ ሳለ፣ 9 ፓውንድ ጨመሩብኝ። አንድ እንቁላልና ሁለት ቁራጭ ዳቦ ነበር። ያናደደኝ ቃላቸውን ማጠፋቸው ነው። ደብረ ብርሃን ብርዱ ከዚህ ይብሳል፤ ግን የአልጋ ቤቱ ሴትዮ ብርድ ልብስ ስትጠየቅ «ውይ፣ በሞትኩት! በርዶህ ነው?» ብላ ሁለት ታመጣለች።

አውቶቡሱ አመለጠኝ፣ ታክሲ 25 ፓውንድ አስከፈለኝ። ኤክተን ከከተማው በስተምሥራቅ ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ቡናማ የድንጋይ ቤቶች፣ አንድ ዋና መንገድ፣ ከፍ ብሎ የሚታይ የቤተክርስቲያን ግንብ። ማርያም መግደላዊት ነው ቤተክርስቲያኑ። መንገድ ላይ አንድ ሰው አላየሁም። ውሻ እንኳ አልጮኸብኝም። የእኛ አገር መንደር ቢሆን እስካሁን «የማን ልጅ ነህ?» ተብዬ ቡና ቀርቦልኝ ነበር።

መቃብሩን ለብቻዬ አገኘሁት። የቤንጃሚን አጎት የቶማስ ፍራንክሊንና የሚስቱ የኤሊኖር ድንጋይ ነው። ቶማስ ያረፈው ጃንዋሪ 6 ቀን 1702፣ በስልሳ አምስተኛ ዓመቱ ነው። እንግሊዞች ያኔ በሚጠቀሙበት በዚያው በአሮጌው አቆጣጠር፣ ልክ በአራተኛው ዓመት፣ ቀን ሳይዛነፍ ቤንጃሚን ቦስተን ውስጥ ተወለደ። ፊደሉን በጣቴ ተከትዬ ነካሁት። ድንጋዩ ሻካራ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ አንዳንዱ ጠርዝ ላይ ሽበት ይመስላል።

ፍራንክሊን ሲመጣ ድንጋዩ በድንጋይ ሽበት ተሸፍኖ አይነበብም ነበር። የቄሱ ሚስት ጨዋታ የምትወድ አሮጊት ነበረች። የቤተክርስቲያኑን መዝገብ ቄሱ አሳያቸው። ከዚያ ሚስቱ ጠንካራ ብሩሽና አንድ ሳፋ ውሃ አስመጣች። ድንጋዩን ፈግፍጎ ያጠራው ፒተር ነው። ዊሊያም የተጻፈውን ገለበጠ። ይህ ፍራንክሊን ራሱ ለሚስቱ ለዲቦራ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ይገኛል።

ፒተር ማን ነው? የፍራንክሊን ባሪያ ነው። ጥቁር ሰው። የሌላ ሰው አጎት ስም እንዲነበብ ጉልበቱን መሬት አድርጎ ድንጋይ አጠበ። የሱን አያት ስም የያዘ መዝገብ ግን እዚያ አልነበረም። መቃብሩ አጠገብ ብዙ ያሰብኩት ስለ ፒተር ነው። ፍራንክሊን ኋላ በ1787 የፔንሲልቬንያ ፀረ ባርነት ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኗል። መልካም ነው። ፒተር ግን በ1758 ሳፋውን ይዞ ነበር።

ቤተክርስቲያኑ ተቆልፎ ነበር። ዞሬ ልሄድ ስል አንዲት ሴትዮ በባልዲ አበባ ይዘው መጡ። ሰባዎቹን ያለፉ ይመስለኛል። «ለፍራንክሊን ነው የመጣኸው?» አሉኝ። ቁልፉ እሳቸው ጋ ነበር። ከፍተው አስገቡኝ፣ ከፔርሙስ ሻይ ቀዱልኝ። በዚያ ጠዋት የጠጣሁት የመጀመሪያው ትኩስ ነገር ነው።

እየጠጣን አወጋን። ፍራንክሊን እንደጻፈው መዝገቡ ከ1555 በፊት አይሄድም፤ ከዚያ በላይም አላገኘም። ቤተሰቡ ግን እዚያ ሦስት መቶ ዓመት ኖሯል ብሎ ጽፏል፣ በ30 ኤከር ርስት ላይ። በእኛ የጋሻ መሬት ሲሶ እንኳ አይሞላም። «ፍራንክሊን» የሚለው ቃል ራሱ በድሮ እንግሊዝኛ ነፃ ባለርስት ማለት ነው። ታዲያ እኛ ዘንድ ርስት ለሁሉም ልጅ ይደርስ ነበር። እነሱ ጋ ቤቱም መሬቱም የሄደው ለበኩሩ ነው። ቤንጃሚን ደግሞ ለአምስት ትውልድ የመጨረሻ ወንድ ልጅ የመጨረሻ ወንድ ልጅ ነው። ለእንደዚህ ያለ ልጅ የሚቀረው እጁ ብቻ ነው። አባቱ ጆሳያ ጨርቅ ማቅለም ተማረ፤ ቦስተን ሲደርስ በዚያ ሥራ የሚበላ ሆኖ ስላላገኘው ሻማና ሳሙና ሠሪ ሆነ። ባለእጅ ነው እንግዲህ።

አጎቱ ቶማስ የበኩር ልጅ ስለሆነ ቀጥቃጭነትን ነው የተማረው። ኋላ ውልና ሰነድ ጸሐፊ ሆነ። ለግንቡ ደወል ገንዘብ አሰባስቦ አስተከለ። ወንዙ ሜዳቸውን እንዳያጥለቀልቅ መላ አገኘ፤ ሰዉ መጀመሪያ አልገባውም፣ ግን «ፍራንክሊን አውቃለሁ ካለ ይሆናል» አለ። የቄሱ ሚስት ለፍራንክሊን እንደነገረችው፣ አንዳንዱ ቶማስን እንደ አስማተኛ ያየው ነበር።

እዚህ ላይ ጽዋዬን አስቀመጥኩ። ከቀጥቃጭ ቤት የወጣ፣ ብዙ የሚያውቅ፣ ስለዚህ አስማት አለው የሚባል ሰው! ይህን ወሬ እኔ አንኮበር ላይ አውቀዋለሁ። ልዩነቱ፣ ኤክተን ምክር ሊጠይቀው ደጁ መጣ። የእኛ ሰው ልጁን ከዓይኑ ደበቀ።

ሴትዮዋ «ያንተስ አያት ምን ይሠሩ ነበር?» አሉኝ። አፌ ላይ «ገበሬ» መጥቶ ነበር። «ቀጥቃጭ» አልኩ፣ በእንግሊዝኛ፣ «ስሚዝ»። ፊታቸው በራ። «የእናቴ የአባት ስም ስሚዝ ነው» አሉኝ። በዚህ አገር ከስሚዝ የበለጠ የበዛ የቤተሰብ ስም የለም። ሰው በር ላይ ይለጥፈዋል። ለሰባት ቤት ስንቆጥር ያንን ቃል የምንዘለው እኛ ነን።

በማግሥቱ ባንበሪ ሄድኩ። የፍራንክሊን አያት፣ እሱም ቶማስ፣ በ1598 የተወለደው፣ በእርጅናው ልጁ ጋ ሄዶ የሞተው እዚያ ነው። ፍራንክሊን ድንጋዩን አይቶታል። የዚያን ጊዜው ቤተክርስቲያን ግን በ1790 ፈርሷል። ብዙ አልቆየሁም።

ወደ ኤክተን ልመለስና፣ አውቶቡስ ስጠብቅ እናቴ ጋ ደወልኩ። ደብረ ብርሃን ናት። ያየሁትን ነገርኳት። ፒተርን ስነግራት «እሰይ፣ ስሙ እንኳ ቀረለት» አለች። ከዚያ «እማዬ፣ የአባትሽን አባቶች ቁጠሪልኝ» አልኳት። ዝም አለች። ቀጥላ አንድ በአንድ ጠራቻቸው፣ ቀስ እያለች፣ እኔ በታክሲው ደረሰኝ ጀርባ ላይ እየጻፍኩ። ስድስተኛው ላይ ቆመች።

«ሥራቸውን ምን ብዬ ልጻፍ?» አልኳት።

ረጅም ጊዜ መልስ አልሰጠችኝም። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ? ሃሎ?» አልኩ።

«አለሁ፣ ልጄ» አለች። «ቀጥቃጭ በል። አባዬ የሠራው ማረሻ ድንጋይ ቢመታ አይታጠፍም ነበር። እሱንም ጻፍ።»