ጥፋቱ የኢንዛይሙ አልነበረም

ከአዲስ አበባ ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ ዳር በምትገኝ አነስተኛ ቤተ ሙከራ ውስጥ የጤፍ ጭድን ወደ ግሉኮስ ለመለወጥ ስነሣ፣ ዋናው ፈተና ሊግኒን (የተክልን አካል የሚያጠነክረው እንጨታማ ነገር) እንደሚሆን ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም። ይህን የምጽፈው ከእኔ በኋላ የሚጀምር ሰው እንደ እኔ ሰባት ወር እንዳያባክን ብዬ ነው።

ጭዱን ከአውድማ ገዝቼ ፈጨሁት፤ በ1 በመቶ ሰልፈሪክ አሲድ በ121 ዲግሪ ሴልሺየስ ቀቅዬ አጠብሁት። ከዚያም ትሪኮደርማ ሪሴይ ከተባለው ሻጋታ የሚገኘውን ሴሉሌዝ፣ ማለትም ሴሉሎስ የተባለውን የተክል ክር ወደ ስኳር የሚፈታውን ኢንዛይም፣ ጨምሬ በ50 ዲግሪና በፒኤች (የአሲድነት ልክ) 4.8 ለ72 ሰዓት አቆየሁት።

በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ስኳሩ በፍጥነት ወጣ፤ ከዚያ ግን ቀጥ አለ። በሦስተኛው ቀን ከሴሉሎሱ ሲሶው እንኳ አልተፈታም ነበር። የምከተለው የአሠራር መመሪያ ኢንዛይሙን መጨመር ስለሚመክር እጥፍ አደረግሁት፤ ውጤቱ በጥቂቱ ተሻሻለ፣ ጠርሙሱ ግን ተሟጠጠ። በአካባቢያችን መብራት ስለሚጠፋ፣ በ4 ዲግሪ መቀመጥ የነበረበት ኢንዛይም ተበላሽቷል ብዬ ደመደምሁ። የንብረት ክፍሉ አዛውንት «ልጄ፣ ጄኔሬተሩን ሌሊት ሳይቀር እየተነሣሁ አስነሣለሁ፤ ፍሪጁ አንድ ቀን አልሞቀም» ቢሉኝም አላመንኋቸውም፤ በቸልተኝነት ከሰስኋቸው፣ ለአለቃቸውም በደብዳቤ አመለከትሁ።

አዲስ ጠርሙስ ሲመጣ ዕቃውን የሚለቅቀው መሥሪያ ቤት አምስት ሳምንት አቆየው። አንዱ መስኮት መድኃኒት አለመሆኑን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ጠየቀ፤ ሌላው የምግብ ግብዓት አለመሆኑን የሚገልጽ ሌላ ደብዳቤ ፈለገ። በሙቀት የሚበላሽ ዕቃ መሆኑን በጽሑፍ ባሳውቅም መልስ የሰጠኝ አልነበረም፤ ዛሬም ሳስበው ያበሳጨኛል። ጠርሙሱ በመጨረሻ ወጣ፣ ውጤቱ ግን ከቀድሞው አልተለየም።

በመጀመሪያው ቀን ላደርገው ይገባኝ የነበረውን ያን ጊዜ አደረግሁ፦ ሁለቱንም ኢንዛይሞች ከሞላ ጎደል ንጹሕ ሴሉሎስ በሆነው የማጣሪያ ወረቀት ላይ ሞከርኋቸው። አሮጌው ጠርሙስ እንደ አዲሱ ወረቀቱን ፈታው። ኢንዛይሙ የሚገኝበት ሻጋታ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሰሎሞን ደሴቶች የአሜሪካ ጦር የጥጥ ድንኳኖችን ሲያበሰብስ የታወቀ ነው፤ ጥጥ ደግሞ ሊግኒን የለውም ማለት ይቻላል። የሴሉሌዝ ጉልበት በተለምዶ የሚለካውም በማጣሪያ ወረቀት ስለሆነ፣ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቁጥር ኢንዛይሙ በጭድ ላይ ስለሚገጥመው ነገር ምንም አይናገርም።

ኢንዛይም ራሱ ፕሮቲን ስለሆነ፣ ቀጥሎ ከላይ በጠለለው ፈሳሽ ውስጥ የቀረውን ፕሮቲን ለካሁ። በወረቀቱ ላይ ፕሮቲኑ መጀመሪያ ቀንሶ፣ ሴሉሎሱ እያለቀ ሲሄድ ወደ ፈሳሹ ተመለሰ፤ በጭዱ ላይ ግን ቀንሶ በዚያው ቀረ። ብዙዎቹ ሴሉሌዞች ሴሉሎስን የሚይዙት ውኃን በሚሸሽ ጠፍጣፋ ገጽ ነው። ሊግኒንም ውኃን የሚሸሽና በቀለበታማ ሞለኪውሎች የተገነባ በመሆኑ ያንኑ ገጽ ይስበዋል፤ ኢንዛይሙ የሚቆርጠው ነገር ሳያገኝ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል። እኔ ደግሞ በአሲድ ሄሚሴሉሎሱን (ከሴሉሎስ ጋር የሚገኘውን ሌላ የስኳር ሰንሰለት) አሟሙቼ ሳወጣ፣ በቀረው ጭድ ውስጥ የሊግኒኑን ድርሻ በገዛ እጄ ከፍ አድርጌ ነበር።

ዛሬ ከኢንዛይሙ በፊት ትዊን 20 የተባለ ሳሙና መሰል ኬሚካል እጨምራለሁ፤ ሊግኒኑን ቀድሞ ስለሚሸፍነው ኢንዛይሙ ነፃ ይሆናል። ከከብት ደም የሚገኘው አልቡሚን የተባለ ፕሮቲንም ይህንኑ ያደርጋል፣ ዋጋው ግን አይቀመስም። ፒኤቹንም መመሪያው ከሚለው 4.8 ወደ 5.5 ከፍ አድርጌዋለሁ፤ በዚህ ልክ የሊግኒኑ ገጽ ይበልጥ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ስለሚይዝ መጣበቁ ይቀንሳል። ለንጹሕ ሴሉሎስ የተጻፈ መመሪያን ለጭድ እንዳለ መከተል ስሕተት ነው ብዬ በጽኑ አምናለሁ። ኢንዛይሙን እጥፍ ማድረግማ ሊግኒኑን በውድ ዋጋ መቀለብ ነው።

አዛውንቱን ይቅርታ ስጠይቃቸው በደግነት ተቀበሉኝ። የክስ ደብዳቤዬ ግን ከግል ማኅደራቸው ገብቶ ስለነበር፣ ጥፋቱ የእኔ እንደነበረ የሚገልጽ ሌላ ደብዳቤ ጽፌ ራሴ ለአለቃቸው አስረከብሁ።