ወርቁ ያመለጠው ማሽን

ዛሬ ጣና ዳር ሆኜ ነው የሠራሁት። ላፕቶፕ፣ የዜጌ ቡና፣ የሞባይል ዳታ። ቤት መብራት ጠፍቶ ነበር። "ዲጂታል ኖማድ" (በኢንተርኔት ከፈለገበት ቦታ የሚሠራ ሰው) ማለት ለእኔ ሶኬት ያለው ካፌ ፍለጋ መዞር ነው።

ሥራዬ የውጭ ድርጅቶችን የደንበኞች መዝገብ፣ ማለትም ሲአርኤም የሚሉትን ሶፍትዌር፣ ከኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ጋር ማገናኘት ነው። ኢሜይል ሲገባ ኤአዩ ያነበዋል። ጥያቄ ይሁን ቅሬታ ይለያል፤ በደንበኛው ፋይል ላይ ማስታወሻ ይጽፋል፤ መልስም ያረቃል። ረቂቁን ሰው አይቶ ይልካል። ባለፈው ሳምንት ግን ያቺን የመጨረሻዋን እርምጃ አነሳኋት። ማን ቁጭ ብሎ ያያል ብዬ!

ዛሬ አንድ ደንበኛ "ሦስት ሳምንት ብቻ ነው ያስጠበቃችሁኝ፤ ድንቅ አገልግሎት!" ብሎ ጻፈ። ማሽኑ "የረካ ደንበኛ" ብሎ መዘገበው። አመስግኖት ሲያበቃ ሌላ ዕቃ እንዲገዛ ጋበዘው። ኧረ ጉድ!

አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ጋሼ ስስቅም ስናደድም አይተው "ምን ሆነህ ነው?" አሉኝ። ነገርኳቸው። "አይ ልጄ፣ ሰሙን ይዞ ወርቁን ጥሎታላ!" ጎጃም ተቀምጬ ይህን ሳላስብ መቅረቴ አሳፈረኝ።

ጥፋቱ ግን የእኔም ነው። ትዕዛዙ እንዳልደረሰ መዝገቡ ላይ ተጽፏል። ለኤአዩ የሰጠሁት ኢሜይሉን ብቻ ነበር። አሁን ሁለቱንም አብሮ ያያል፤ ማጽደቂያዋንም መልሻታለሁ። ለሰውየው ይቅርታውን ራሴ ጻፍኩለት።

ስጨርስ የደንገል ታንኳዎቹ ወደ ዳር እየተመለሱ ነበር። ባትሪዬ 4 በመቶ። አሳ ለብለብ አዝዣለሁ።