ጣርማበርን በሦስተኛ ማርሽ

ከሸዋሮቢት ሽንኩርት ጭኖ ወደ ደብረ ብርሃን የተመለሰ ሰው የጣርማበርን ዳገት ያውቀዋል። ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣልያን የፈለፈለው ዋሻ ጋ ሲደረስ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። መኪናዬ አርማንያን እስክታልፍ ደህና ትመጣለች። ከደብረ ሲና በኋላ ግን ሁለተኛ ማርሽ ነው። ከኋላዋ ጥቁር ጭስ፣ ከጭሱ ኋላ ደግሞ መስኮቱን የዘጋ የመኪና ሰልፍ።

መኪናዋ ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ናት። ሞተሯ 1ኤችዜድ ነው፤ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ከፋብሪካው ያለ ቱርቦ፣ ማለትም አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው መሣሪያ ሳይኖረው፣ የወጣ። ሞተሩን እወደዋለሁ። የሚጎድለው አየር ነው። ዋሻው ጋ ያለው የአየር ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው 70 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። አየር ያጣ ናፍጣ ደግሞ በወጉ አይቃጠልም፣ ጠቁሮ ይወጣል። ቱርቦ ያሰብኩት ለሩጫ አይደለም። ደጋው የወሰደብኝን አየር ለማስመለስ ነው።

የጀመርኩት ግን ከጭስ ማውጫው ነበር። ጠባቡን አስወጥቼ ባለ 3 ኢንች ቱቦ አስበየድኩ፣ ማርሚታውንም ቀየርኩ። የጨመረው ድምፁ ብቻ ነው። ዳገቱ ላይ ያው ሁለተኛ ማርሽ። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ከሰፊ ቱቦ የሚያገኘው ትንሽ መሆኑን የተረዳሁት ገንዘቡን ካወጣሁ በኋላ ነው። ቱርቦ ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። ቱርቦውን የሚያሽከረክረው ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ ነው። ከቱርቦው በኋላ ያለው መንገድ ክፍት ከሆነ ቶሎ ይነሳል፣ ሙቀቱም አይታፈንም። ቱቦው በኋላ ጠቀመኝ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ዕድሜያቸውን በናፍጣ ሞተር ላይ የጨረሱ መካኒክ አሉ። ጋሼ ነው የምላቸው። ቱርቦ ላስገጥም ነው ስላቸው መጀመሪያ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም እያንዳንዱ ሲሊንደር አየሩን የሚጨምቅበትን ኃይል፣ ለኩ። «ልጄ፣ ስድስቱም ካልተቀራረቡ ገንዘብህን ይዘህ ግባ» አሉኝ። ተቀራረቡ። ግን ወረፋቸው ረጅም ነበር፣ እኔ ደግሞ ቸኩያለሁ። ሌላ ጋራዥ ወስጄ አስገጠምኩት።

በሦስተኛው ቀን ሰማያዊ ጭስ ጀመረች። ሰማያዊ ጭስ ማለት ዘይት እየነደደ ነው ማለት ነው። የገጠሙልኝ ሰዎች «ቱርቦው ሞቷል፣ ሌላ ግዛ» አሉኝ። ሆዴ ተላወሰ። አንገቴን ደፍቼ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ።

ምንም አልተቆጡም። ካርቶን አንጥፈው ከሥሯ ገቡ። የቱርቦውን የዘይት መመለሻ ቱቦ በጣታቸው ከላይ እስከ ታች ተከተሉት፣ መሐል ላይ ቆሙ። «ና እይ» አሉኝ። ቱቦው መሐሉ ላይ ረግቦ ወደ ታች ወርዶ፣ ከዚያ እንደገና ሽቅብ ይወጣል። ዘይት ወደ ቱርቦው የሚገባው በግፊት ነው። የሚመለሰው ግን በራሱ ክብደት ወርዶ ነው፣ የሚገፋው የለም። መንገዱ ላይ ከተኛ ቱርቦው ውስጥ ይጠራቀምና በማኅተሙ በኩል ወደ ጭሱ ያልፋል። ጋሼ ቱቦውን አሳጥረው ቀጥ ብሎ እንዲወርድ አደረጉት። መግቢያውንም ቋቱ ውስጥ ካለው ዘይት ከፍታ በላይ አስበየዱት። የቱርቦውን ዘንግ በጣታቸው ወዘወዙት፣ ደህና ነበር። ከመነሳቷ በፊት ቱርቦው ውስጥ ንጹሕ ዘይት ጠብ ጠብ አደረጉ። ናፍጣውን ዘግተውም ዘይቱ እስኪደርስ በሞተሪኖ ብቻ አሽከረከሯት። የቀረው ዘይት ነዶ እስኪያልቅ ትንሽ ጨሰች፣ ከዚያ ጠራች። ሌላ ቱርቦ ገዝቼ ቢሆን እሱም ዘይት ይተፋ ነበር።

ከዚያ የመጣው ሙቀት ነው፤ እውነቱን ለመናገር ከሁሉም በላይ ያስፈራኝ እሱ ነው። ናፍጣ እንደ ቤንዚን አይደለም። ቤንዚን ላይ ነዳጅ ሲያንስ ሞተሩ ሊግል ይችላል። ናፍጣ ላይ ነዳጅ በጨመርክ ቁጥር ጭሱ ይግላል። ጓደኞቼ «ቱርቦ ካስገባህማ ብዙ ናፍጣ እንዲሰጥ ፖምፓውን ክፈተው» እያሉ ወተወቱኝ። በጥቂቱ አስከፈትኩ። የጭስ ሙቀት መለኪያ ቀድሜ ማስገጠሜ ነው ያተረፈኝ። የመለኪያው ጫፍ የሲሊንደሮቹ ጭስ የሚሰበሰብበት ማኒፎልድ ላይ፣ ከቱርቦው በፊት ነው የገባው፤ ከቱርቦው በኋላ ከገባ ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ከደብረ ሲና በላይ መርፌው 700 ዲግሪን አለፈ። እግሬን አነሳሁ። በማግስቱ ፖምፓው ወደ ነበረበት ተመለሰ።

ይህ ሞተር ለቱርቦ ተብሎ አልተሠራም። ሲሊንደሩ አየሩን የሚጨምቀው 22.4 ለ1 ነው፣ በጣም ከፍተኛ። በላዩ ብዙ ግፊትና ብዙ ናፍጣ ሲጫን ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው) ይሰነጠቃል፣ ፒስተኑ ይቀልጣል። እኔ ግፊቱን 0.5 ባር ላይ ወስኜዋለሁ። ዋሻው ጋ የተፈጥሮው ግፊት 0.7 ባር ገደማ ነው። ሲደመር 1.2 ይመጣል። ጣርማበር ላይ ሆና፣ ቱርቦ ሳይኖራት ባሕር ዳርቻ ልታገኘው ከምትችለው ግፊት ትንሽ የሚበልጥ አገኘች ማለት ነው። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? ሙቀቱን ደግሞ 650 ላይ አቆማለሁ። እዚያ ሲደርስ ማርሽ እቀንሳለሁ።

ራዲያተሩንም አጽድቻለሁ፣ ክዳኑንም ቀይሬያለሁ። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ባቄላ የቀቀለች እናት ሁሉ ታውቀዋለች። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ራዲያተሩም እንደ ድስቱ ነው።

አሁን ሽንኩርቱን ጭና ቀጥ ባለው ዳገት ላይ በሦስተኛ ትወጣለች። ጠምዛዛው ላይ ያው ሁለተኛ ነው። ጥቁር ጭሱ ማርሽ ስቀይር ብቻ ብልጭ ይላል። ዋሻው ጋ ስቆም ሞተሩን ወዲያው አላጠፋም። የጭስ ሙቀት መርፌው ከ300 በታች እስኪወርድ ነዳጅ ሳልረግጥ እየሠራች እተዋታለሁ፤ አለበለዚያ ዘይቱ የጋለው ዘንግ ላይ ይቃጠላል። ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ እቀይራለሁ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ዳገቱ ላይ ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ጀመረ፤ አዲሱን ጉልበት አልቻለውም። ለጋሼ ደውዬላቸዋለሁ። ወረፋዬ ከአሥር ቀን በኋላ ነው፣ እጠብቃለሁ።