ተቀበል

መግቢያው ላይ ያሰሩልኝ የወረቀት አምባር እስካሁን እጄ ላይ ነው። ዕቃ ሳጥብ ረጥቦ ቀለሙን ለቋል። መቀሱ አጠገቤ ተቀምጧል፤ ግን እጄ አልሄደልኝም። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እንዲሁ ከፍቶኛል።

ይህን ኮንሰርት ስንት ወር እንደጠበቅኩት ታውቃላችሁ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ብርድ ላይ አስቁመውን ነበር። እሱን ይቅር ብያለሁ። ዘፋኙ ሲወጣማ ሁሉንም ረስቼ ጮህኩ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ላቡን ሊጠርግ ማይኩን ከአፉ አወረደ። ድምፁ ግን ቀጠለ። ሚሚ ክንዴን ቆነጠጠችኝና በአገጯ ወደ ቤዝ ጊታሩ አሳየችኝ። የጊታሩ ገመድ ጫፍ ከምንም ጋር ሳይገናኝ ወለሉ ላይ ተጠቅልሏል።

ይህንንም ጉሮሮውን ታሞ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ያንገበገበኝ ሌላ ነው። አዝማቹ ላይ ሲደርስ ማይኩን ወደ እኛ አዞረ። ያ ሁሉ ሰው ባንድ ድምፅ ዘፈነ። ሕዝብ ሲዘፍን ትንሽ ይጎትታል፤ ያለ ነው። እውነተኛ ባንድ ቢሆን ድራመሩ ሰምቶን ይጠብቀን ነበር። ቀረጻው ግን አልጠበቀንም። ስንኙን ሳንጨርስ ጥሎን ሄደ።

ከመስቀል አደባባይ በስታዲየም አድርገን እስከ ለገሃር በእግራችን ወረድን። ሁለታችንም ዝም አልን። እኔ አባዬን እያሰብኩ ነበር።

አባዬ ጎረምሳ በነበረበት በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ነበር። ሂልተን ዋልያስ ባንድን ሊሰማ የገባ ሰው እስኪነጋ አይወጣም። ሙዚቀኛውም መውጫ የለውም። «አብረን ነበር የምናነጋው» ይላል። ያቺን «አብረን» የምትለዋን ሲጠራት ድምፁ ይለወጣል።

እማዬ ካረፈች በኋላ ከቤት አልወጣ ሲል፣ ለምኜ ካዛንቺስ አንድ አዝማሪ ቤት ወሰድኩት። በርጩማ ላይ ኩርምት ብሎ ጠጁን ሳይነካው ተቀመጠ። አዝማሪው ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየዞረ ይቀልዳል፣ ያሞግሳል፣ ሰው ይስቃል። እኛ ጋ ሲደርስ አባዬ ድንገት «ተቀበል!» አለ። እኔ ደነገጥኩ።

«ቤቱ ሞልቷል ሲሉኝ ገብቼ እኔም ባየው፣
አንድ ሰው ጎድሎታል እኔ የማውቀው።»

አዝማሪው ደጋኑን ከማሲንቆው ላይ አነሳ። ጎንበስ ብሎ «ይድገሙልኝ አባቴ» አለ። አባዬ ደገመለት። ከዚያ ጀርባውን ለቤቱ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ አባዬ አድርጎ ያንኑ ስንኝ ቀስ ብሎ ዘፈነው። «የማውቀው» የምትለዋ ላይ ሲደርስ ማሲንቆውን ብቻውን አስለቀሰው። ሌላው ሰው ሁሉ ጠበቀ። አባዬ አለቀሰ፤ ከቀብሩ ወዲህ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው።

ከዘፋኝ የምፈልገው ይህንን ነው። የተሰበረ ድምፅም ይሁን፣ የሳተ ኖታም ይሁን፣ እዚያ መኖሬን ይስማ። ትኬት የገዛሁት ለዚህ ነው። ቀረጻውማ ስልኬ ላይ አለ፤ ታክሲ ውስጥ በየቀኑ እሰማዋለሁ።

አባዬ እሁድ እሁድ ስሄድ «ያ ባለማሲንቆ ደህና ነው?» ይለኛል። ጉልበቱን ስለሚያመው ብዙም አይወጣም። ካዛንቺስ በ2017 ሲፈርስ ያ ቤትም አብሮ መፍረሱን አላወቀም። ሰውዬው ወዴት እንደሄደ እኔም አላውቅም። ስሙን እንኳ አልጠየቅነውም። እስካሁን «ደህና ነው» እያልኩ ነው የመለስኩለት።

ትናንት ደውሎ «ጉልበቴ ተሽሎኛል፣ አንድ ቀን ውሰጂኝና ልስማው» አለኝ።

ነገ እሁድ ነው። ምን ልበለው?