አስፋልቱ ብቻ አይደለም

ዛሬ የሰፈራችን ስብሰባ ላይ ስለ መንገድ ጥገና ተወያየን። ክረምት ሲገባ ቦዩ በቆሻሻ ይደፈናል፣ ጎርፉ አስፋልቱ ላይ ይወጣል፣ አስፋልቱም ይቦረቦራል። ባጃጆች ጉድጓዱን ሲሸሹ እግረኛው ላይ ይመጣሉ። እግረኛው የት ይሂድ? ዳሩ ክዳን የሌለው ቦይ ነው!

አንዲት እናት "ልጄ ከትምህርት ቤት እስኪመለስ ልቤ አያርፍም" ሲሉ አዳራሹ ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ ቅድሚያ ለቦይ ጠረጋና ለክዳን እንዲሰጥ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይም ዜብራ እንዲቀባ ተወሰነ። ከልቤ ደስ ብሎኛል።

በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የባሕር ዳር የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፤ ለእግረኛና ለብስክሌት የየራሳቸው መስመር አለው። ውስጥ ለውስጥ ያለነውም እንዲህ ሊታሰብልን ይገባል። ሥራው ግን ሰኔ ሳይገባ ይጀመር። እባካችሁ ቀን ቆርጣችሁ ንገሩን።