ዝይ በእግሯ አትያዝም

የምሠራው ካሊፎርኒያ፣ ሳክራሜንቶ ሸለቆ ካሉት የዱር ወፍ መጠለያዎች በአንዱ ነው። ሥራዬ ባብዛኛው ረግረጉ ላይ ውሃ መልቀቅና መቀነስ ነው። ክረምት ሲገባ (የፈረንጆቹን ክረምት ማለቴ ነው) ነጫጭ የዱር ዝይዎች ከአርክቲክ ይወርዱና ቦታውን ይሞሉታል። ከሩሲያዋ ራንገል ደሴት ድረስ የሚመጡ አሉ።

አንድ ጥር ላይ ዝይዎቹ በድንገት መሞት ጀመሩ። ጠዋት ደህና ሲዋኝ የነበረው ከሰዓት ተገልብጦ ይንሳፈፋል። አንዳንዱ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ባለበት ይሽከረከራል። የወፍ ኮሌራ ነው። ከሰው ኮሌራ ጋር አይገናኝም፤ ባክቴሪያው ሌላ ነው።

የዱር መንጋ ተይዞ አይታከም። የሞተውን ቶሎ ቶሎ መልቀም ነው ያለው አማራጭ። ጓንታችንን አጥልቀን ገባን።

ከእኛ ጋር አንድ አዲስ የአገር ልጅ ነበር። ኮሌጅ እየተማረ በትርፍ ጊዜው የሚሠራ፣ ቀልጣፋ ጎንደሬ። የመጀመሪያዋን ዝይ ሁለት እግሯን ይዞ አንጠልጥሎ አወጣት። ዶሮ ከገበያ ይዞ የገባ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው። ከአፏ ዝልግልግ ያለ ፈሳሽ ውሃው ላይ ተንጠባጠበ። የቡድን መሪያችን ከወዲያ ማዶ ጮኸችበት። ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ስለሆነች ሁላችንም ደነገጥን።

ባክቴሪያው ከአፍና ከአፍንጫ በሚወጣው ፈሳሽ ውስጥ በጣም ይበዛል። ወፏን ከዘቀዘቅካት፣ ልታጸዳው የገባህበትን ውሃ መልሰህ ትበክለዋለህ። ስለዚህ ምንቃሯን ትይዝና ጭንቅላቷን አስቀድመህ ፌስታል ውስጥ ታስገባታለህ። ፌስታሉን በሌላ ፌስታል ትደርባለህ። ከዚያ ወደ ማቃጠያው። እናቴ ወፍ በአፏ አንጠልጥዬ ብታየኝ ምን እንደምትል እንጃ።

«ጋሼ፣ በሽታው የሚጋባባቸው ተጨናንቀው ከሆነ፣ ለምን አስደንግጠን አንበትናቸውም?» አለኝ ልጁ።

ጥሩ ጥያቄ ነው። ለመሪያችን አቀረብኩላት። «በሽታውን የያዘው በርሮ የት ሊያርፍ?» አለች። ደህና ከሚመስሉት መካከል ተሸካሚዎች አሉ። መበተን የሚያዋጣበት ጊዜ አይጠፋም፤ ያን ቀን ግን ጎረቤት ያለው ረግረግ ገና ንጹሕ ነበር።

ቀድሞ ነገር ለምን ተጨናነቁ? የእኛን ሸለቆ ጨምሮ በሚይዘው ሰፊ ሸለቆ፣ ሴንትራል ቫሊ፣ ከነበረው ረግረግ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ጠፍቷል። ውሃው እንዲሸሽ ተደርጎ እርሻና ከተማ ሆኗል። በተረፈችው ላይ መንጋው ሁሉ ይታጎራል።

ትንሽ ያስተነፈሰው፣ እኔ እስከማየው፣ የሩዝ ገበሬው ነው። ድሮ ምርት ሲሰበሰብ ገለባው ይቃጠል ነበር። ጭሱ ሰውን ስላስመረረ በፈረንጆቹ 1991 ቃጠሎውን የሚቀንስ ሕግ ወጣ። ገበሬው ታዲያ ገለባው እንዲበሰብስለት ማሳው ላይ ውሃ ማስተኛት ጀመረ። ዝይ የረገፈ ሩዝ ትለቅማለች፣ ውሃው ላይ ታድራለች። ለወፍ ተብሎ ከወጣ ስንት እቅድ ይልቅ ለጭስ የወጣው ይህ ሕግ ሳይጠቅማቸው አልቀረም።

ድርቅ ሲሆን ግን ለማሳ የሚተርፍ ውሃ አይገኝም። ያኔ ዝይዎቹ ተጠቃለው ወደ እኛ ይመጣሉ። ስለዚህ የመስከረሙ ስብሰባ ላይ መጀመሪያ የምንጠይቀው ገበሬዎቹ ዘንድሮ ስንት ውሃ እንደተፈቀደላቸው ነው። ፌስታሉን የምናዘው መልሱን ሰምተን ነው።