ጨርቁን ማከም

ዛሬ እረፍት ነኝ። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ ሦስት ሰዓት ያህል እንደተኛሁ ነቃሁ፤ በዚያው እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የእማዬ እግር ቁስል አልደርቅ ካለ አምስተኛ ሳምንቱ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ቁስል ምን ያህል እልኸኛ እንደሆነ ነጋሪ አያስፈልገኝም። እንጀራዬ ነው። እዚህ ለንደን፣ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት የሰው ቁስል ሳጥብና ፋሻ ስቀይር አድራለሁ። የእናቴን ቁስል ግን የማየው በስልክ ነው። ደሴ ያለችው እህቴ ካሜራውን ታስጠጋለች፤ ኔትወርኩ ይይዘዋል፤ እግሯ ደብዝዞ ቀጥ ይላል።

ቤት ተቀምጬ ከምብሰለሰል ብዬ ባቡር ይዤ ደሊች ሄድኩ። እዚያ ባለው የሥዕል ሙዚየም የማውቃት አንዲት ሴት አለች።

ጭንቅላቷን በእጇ ደግፋ ትራስ ላይ ጋደም ብላለች። አንገቷ ላይ ዕንቁ አለ። ዙሪያዋ ሰማያዊ መጋረጃ ነው። አንሶላው ጫፍ ላይ አንዲት ጽጌረዳ ወድቃ ትረግፋለች። መጀመሪያ ያየኋት ቀን እንቅልፍ የወሰዳት መስሎኝ ነበር። ለካ ሞታለች። ቬኒሻ ትባላለች። ሜይ 1 ቀን 1633 አልጋዋ ላይ ሞታ ተገኘች (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሠዓሊው ቫን ዳይክ የመጣው በሁለተኛው ቀን ነው። ያስጠራው ባሏ ሰር ኬነልም ዲግቢ ነበር። ጉንጯ ትንሽ ደም እንዲመስል ፊቷን እንዳሹት፣ ሠዓሊውም ከጽጌረዳዋ በቀር ምንም እንዳልጨመረ ዲግቢ ራሱ በደብዳቤ ጽፏል። ሥዕሉን ማታ ማታ አልጋው አጠገብ ያቆመው ነበር። እኛ ጋ የሞተ ሰው ፊት ይሸፈናል። እሱ ግን መሸፈን አልቻለም።

የዲግቢ ሕይወት ሲታይ የአንድ ሰው አይመስልም። አባቱ ኤቨራርድ፣ ካቶሊኮች ንጉሡን ከነፓርላማው በባሩድ ሊያጋዩ ባሴሩት ሴራ ውስጥ ገብቶ በጃንዋሪ 1606 ተሰቀለ፤ አካሉም ተቆራረጠ። ልጁ ገና ሁለት ዓመት ተኩሉ ነበር። የዚያ አባት ልጅ አድጎ የንጉሥ ባለሟል ሆነ። በ1628 መርከቦች አስከትሎ እስከ ኢስከንደሩን ድረስ ዘልቆ የፈረንሳይና የቬኒስ መርከቦችን ተዋጋ። ዘራፊ ብለው ደስ ይለኛል፤ ብቻ የንጉሥ ፈቃድ በኪሱ የያዘ ዘራፊ። ከሃይማኖት ሃይማኖት ተመላለሰ። በአገሩ ጦርነት ጊዜ ታሰረ። ፓሪስ ተሰደደ። ሮም ሄዶ ለንግሥቲቱ ከጳጳሱ ገንዘብ ለመነ። ዛሬ የምናውቀውን ወፍራምና ጥቁር የወይን ጠርሙስ ፈጠረ የሚሉትም እሱን ነው። ፓርላማውም በ1662 አንተ ነህ ብሎታል።

ቬኒሻን ያገባት በድብቅ ነበር። ስትሞት ሰው ምን አለ? ውበቷ እንዳይረግፍ ብሎ የእፉኝት ወይን እያጠጣ ገደላት አለ። ሐሜት የትም አገር ለቅሶ ቤት አይቀርም። እሱ ጥቁር ካባ ለብሶ፣ ጺሙን አሳድጎ ግሬሻም ኮሌጅ ገባ። ሁለት ዓመት ያህል ከምድጃና ከብልቃጥ ጋር ኖረ።

እኔን የያዘችኝ ግን ዱቄቷ ናት። የርኅራኄ ዱቄት ይላታል። አረንጓዴ ቪትሪዮል ነች፤ የብረት ጨው፣ ፀሐይ ላይ የደረቀች። በ1658 በታተመ ንግግሩ ላይ እንዲህ ብሎ ይተርካል። ጄምስ ሃውል የሚባል ወዳጁ ሰይፍ የተማዘዙ ሁለት ጓደኞቹን ሊገላግል ገብቶ እጁን ተቆረጠ። ቁስሉ አመረቀዘ። ዲግቢ እጁን አልነካም። «ደምህ ያለበት ጨርቅ አለህ?» አለው። እጁ መጀመሪያ የታሰረበት ጨርቅ መጣ። ዱቄቷን በሳፋ ውሃ በጥብጦ ጨርቁን ነከረው። ሃውል ጥግ ላይ ከሌላ ሰው ጋር እያወራ ነበርና ድንገት ደነገጠ። ቀዝቃዛ እርጥብ ፎጣ እጄ ላይ የተነጠፈ ይመስለኛል አለ። ከምሳ በኋላ ዲግቢ ጨርቁን አውጥቶ እሳት ዳር አሰጣው። የሃውል አሽከር እየሮጠ መጣ፤ ጌታዬ እጁ ፍም ውስጥ የገባ ያህል ተቃጠለ ብሎ። ጨርቁ ወደ ውሃው ተመለሰ፤ ሕመሙም ተወ። የደሙ አቶሞች በአየርና በብርሃን ተጉዘው የዱቄቷን ኃይል ወደ ቁስሉ ይወስዳሉ ባይ ነው።

እኔ ያን ሁሉ አላምንም። ግን መሃሉ ላይ የጣላት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። የተለጠፈብህን ሁሉ ጣልና ቁስሉን ንጹሕ አድርገህ ብቻ ያዘው፣ አይሙቅ አይብረድ ብሎታል። ይኸው ነው መድኃኒቱ! በዚያ ዘመን ሐኪሞች ቁስል ላይ የማይለጥፉት ነገር አልነበረም። ያልነኩት ቁስል ቢድን አይገርምም። ባለፈው ሳምንት ጎረቤት የቡና ዱቄት ነስንሱበት ብትላቸው፣ እህቴ ላይ በስልክ ጮኬባታለሁ።

ቢሆንም ጨርቁ ከልቤ አልወጣም። ደሞዝ ሲገባ ብር እልካለሁ። ማታ ማታ እደውላለሁ። እኔ እዚህ ጨርቁን ስነክር እማዬ እዚያ ቀዝቀዝ ይላታል። ሁለት ቀን ሳልደውል ከቀረሁ «እግሬን ሲያቃጥለኝ አደረ» ትላለች። ዲግቢ ቢሰማ በመጽሐፉ ይጨምራት ነበር።

በ1665 ሞቶ ከቬኒሻ አጠገብ ተቀበረ። በዓመቱ የለንደን ታላቅ ቃጠሎ ቤተ ክርስቲያኑን በላው። የምግብ አሠራር ማስታወሻው ግን በ1669 ታተመ። ከመቶ በላይ የማር መጠጥ አለበት፤ ጌሾ የሌለው ጠጅ በለው። ብርዙ ልክ መሆኑን የሚያውቀው እንቁላል ጥሎበት ነው፤ ከላይ ብቅ የሚለው ሳንቲም ሲያክል ደርሷል ማለት ነው። ስለ ሻይም ጽፏል። ቅጠሉ ውሃው ውስጥ የሚቆየው ያንን የንስሐ መዝሙር ቀስ ብሎ እስኪደግሙት ድረስ ነው ይላል። እኛ ተሣሃለኒ እግዚኦ የምንለውን።

ማታ ደወልኩ። ፋሻው ቁስሉ ላይ ተጣብቋል።

«እንዳትመዥርጪው» አልኳት እህቴን። «በኖርማል ሳላይን አርሺውና ይቆይ።»

«ስንት ደቂቃ?»

እማዬ ከጀርባ አልጋው ላይ ሆና ታዳምጣለች። ሰዓት አታምንም፤ ዳዊቷን ግን በቃሏ ነው የምትለው።

«እማዬ፣ ተሣሃለኒን ድገሚላት» አልኩ። «ቀስ ብለሽ።»

ጀመረች። እህቴ ስልኩን ትራሱ ላይ አስደግፋው ጎዙን ማርጠብ ያዘች።